ነጭ ሻጋታ፣ ቀላል፣ ከታች የመጣ

ነጥቧ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አትበልጥም ነበር። በዱባው ሦስተኛ ቅጠል ላይ፣ ዱቄት የነካ ጣት አርፎ የተነሳ ይመስል፣ ነጭ ሆና ተቀምጣለች። ኤልዳና መነጽሯን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ አወረደች። ቅጠሉን ሳትነካ ጎንበስ ብላ ከላይም ከሥርም አየችው። ከዚያ ቀና አለችና ጮክ ብላ፣ «ነጭ ሻጋታ፣ ቀላል፣ ሦስተኛ ቅጠል» አለች።

አጠገቧ ሰው አልነበረም። በረንዳው ላይም፣ ቤቱ ውስጥም ከእሷ ሌላ ማንም የለም። እንዲህ ጮክ ብሎ መናገር የሥራዋ አመል ነበር። በወጣትነቷ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ከነበሩት የአበባ እርሻዎች በአንዱ ስካውት ሆና ገብታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። የስካውት ሥራ ማለዳ ማለዳ በጽጌረዳው መደብ መካከል እየዞሩ በሽታ መፈለግ ነው። ስካውቷ ያገኘችውን በቃሏ ትጣራለች፣ ከኋላዋ የሚከተለው ጸሐፊ ይመዘግባል፤ የበሽታውን ስም፣ መጠኑን፣ የመጣበትን አቅጣጫ። ኋላ ጸሐፊው በመሣሪያ ተተካ፣ ቀጥሎ መሣሪያው እሷኑ ተካት፤ ጥሪው ግን ከአፏ ጋር ቀረ። ለእሷ ይህ ወሬ አልነበረም፤ ሌላው ሰው ሥራ ሲሠራ እንደሚያንጎራጉረው ያለ ነገር ነበር።

በዚያ ሁሉ ዓመት ያላየችውን አየሁ፣ ያየችውን አላየሁም ብላ አታውቅም። አንድ ጊዜ ገዢዎች ሊጎበኙ በመጡበት ጠዋት አለቃዋ፣ «ዛሬን ብቻ ንጹሕ ነው በይልኝ፣ በሞቴ» ብሎ ለምኗት ነበር። «እኔ ዝም ስላልኩ ሻጋታው ይጠፋል?» ብላ መለሰችለትና አሥራ አንደኛውን መደብ እንዳየችው ጠራችው። በዚህ ትኮራለች። ብዙ የሚኮራበት ነገር የሌለው ሰው ባለችው አጥብቆ ይኮራል።

ዘመኑ 2089 ዓ.ም. ነው፣ ወሩ መስከረም። ቤቷ ከአቃቂ ወዲያ ከቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች በሰማንያ ሁለተኛው፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ይከፈትና አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ይዘጋል። በዚህ አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጉልበት ያለው ሰው ወርዶ ግቢውን አንዴ ዞሮ መመለስ ይችላል። ከዚያ የሌላ ሰው ተራ ነው። ተራው የወጣው በሳሉ ወረርሽኝ ዓመታት ሰው ከሰው እንዳይነካካ ነበር። ሳሉ ከጠፋ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ተራው ግን እንዳለ ነው፤ ይነሳልን ያለም የለም። በአሥራ ሁለት ዓመት ኑሮዋ ኤልዳና ከጎረቤቶቿ ያገኘችው በኮሪደሩ ላይ ያልደረቀ የእግር ዱካ፣ አንድ የሕፃን ካልሲ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሊፍቱ ውስጥ የቀረ የሽንኩርት ጥብስ ሽታ ነው። ያን ቀን ግቢውን ትታ በሊፍቱ ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደች።

ልጇ ናታን እሁድ እሁድ ይደውላል። ናታን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አፍንጫው የታፈነ ነው። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የሚደውለው ናታን ግን ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ስለ ጉልበቷ መጠየቅም አይረሳም። ኤልዳና ነገሩ ገብቷታል። ሥራ የሚበዛበት ሰው በራሱ ድምፅ የሚደውልለት መሣሪያ ያስመዘግባል፤ ብዙዎች እንዲያ ያደርጋሉ። ስልኩን ግን ታነሳለች። «ደህና ነኝ የኔ ልጅ» ትለዋለች።

«እማማ ኤልዳና፣ እንደምን አደሩ?» አለ ዘበኛው።

ዘበኛው ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ድምፅ ነው። ሕጋዊ ስሙ አንድ ሙሉ መስመር ይፈጃል፤ ነዋሪው ግን ድሮ በር ላይ በሚቀመጡት ሰዎች ስም ይጠራዋል። በረንዳ ላይ ሕጉ ዓይን ከልክሎታል፤ ጆሮ አልከለከለውም። ትሁት ነው፣ ከአንቱታ ወርዶ አያውቅም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

«ቀጣዩ የንብ ጉብኝት ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ንብ የሚሉት ጭብጥ የምታህል በራሪ መሣሪያ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ እየመጣች ቅጠል ትመረምራለች። ከተማው ለየበረንዳው አንድ ዓይነት ሣር በአንድ ዓይነት ማሰሮ ይሰጣል፤ ሣሩ አይታመምም፣ አያብብም፣ በየሦስት ወሩ ይቀየራል። የራስን ዘር መትከል የሚፈቀደው ለጡረተኛ የእርሻ ሠራተኛ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ተክል። የኤልዳና የፈቃድ ወረቀት ላይ «ዱባ፣ በሕንፃው ብቸኛ» ተብሎ ተጽፏል። ንብ በሽታ ካገኘች ተክሉ ይነቀላል፣ የሕንፃው ያ ጎን ከላይ እስከ ታች ይፈተሻል፣ ሁለተኛ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።

ኤልዳና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለችና ነጥቧን እንደገና አየቻት። መጀመሪያ የተሰማት ድንጋጤ ነበር። ዱባው ከሄደባት በቤቱ ውስጥ እስትንፋስ ያለው ነገር እሷ ብቻ ትሆናለች። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ዘግየት ብሎ መጣ፣ ሲመጣም ከባልዲው አስነሳት።

ይህ ሻጋታ ከባዶ ሜዳ አይነሳም። በድንጋይ ላይ፣ በደረቅ ነገር ላይ አይኖርም፤ የሚበላው ሕይወት ያለው ቅጠል ነው። የጽጌረዳው ከጽጌረዳ፣ የዱባው ከዱባና ከዱባ ዘመዶች አያልፍም። የከተማውን ሣር ዞር ብሎም አያየው። በነፋስ ይሄዳል እንጂ መነሻው የታመመ ሌላ ዱባ ነው። ስለዚህ እዚሁ ቅርብ፣ ያለ ፈቃድ፣ ዱባ የተከለ ሰው አለ። ውኃ የሚያጠጣ፣ ጠዋት እየተነሳ ቅጠል የሚያይ ሰው። ኤልዳና በሰባ አንድ ዓመቷ ለበሽታ ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ደስታው ሥራዋን አላስረሳትም። መቀሱን በፈላ ውኃና በሳሙና አጠበች። የታመመውን ቅጠል ሳታራግፍ ቆርጣ በከረጢት ቋጠረች። እርስ በርስ የተደራረቡትን ቅጠሎች አሳሳች፤ ነፋስ በመካከላቸው ካላለፈ መታፈናቸው አይቀርም። ለአረጋውያን በሳምንት አንድ ጊዜ በምግብ መስኮቱ ከሚመጣው ወተት አንድ እጅ ለካች፣ ዘጠኝ እጅ ውኃ ጨመረችበት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ በረንዳውን ሲነካ የቅጠሉን ላዩንም ታቹንም ረጨችው። ወተትና ፀሐይ ሲገናኙ ይህን ነጭ ያቃጥሉታል። በእርሻው ብዙ ውድ መድኃኒት አይታለች፤ ለአንድ ተክል ግን ይህ ይበቃል።

በሦስተኛው ቀን ሌሎች ነጥቦች ወጡ። በአራተኛው ቀን ሌሎች። ሁሉም የወጡት ከበረንዳው ጠርዝ ወደ ውጭ በተንጠለጠሉት ቅጠሎች ሆድ ላይ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ የሕንፃውን ግድግዳ ይዞ ወደ ላይ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ የልብሷ ጫፍ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይነሳል።

«ነጭ ሻጋታ፣ ቀላል፣ ከታች የመጣ» ብላ ጠራች።

አሁን ችግሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። የታችኛው ካልዳነ የእሷ ንጹሕ አይሆንም። የእሷ ንጹሕ ካልሆነ ንብ ታገኘዋለች፣ ፍተሻው ወደ ታች ይወርዳል፣ ያ ሰው ይያዛል። የራሷን ማዳን የምትችለው የማታውቀውን ሰው ስታድን ነው። የቀራት ደግሞ አሥር ቀን ነው።

አሮጌ ሹራቧን ተርትራ ክሩን አራት አራት እያደረገች ገመድ ጎነጎነች። የመድኃኒት ካርቶን ቀደደችና በጀርባው እንዲህ ጻፈች፦

«ጎረቤቴ ሆይ፣ ዱባዎ ነጭ ሻጋታ ይዞታል። አይደንግጡ፣ ይድናል። ይህን ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ በቅጠሉ ላይና ታች ይርጩት። በጣም የነጡትን ሳያራግፉ ቆርጠው ይቋጥሩ። ውኃ ከሥሩ ያጠጡ፣ ከላይ አያፍስሱ። ለማንም አይናገሩ። ከላይዎ ያለሁት ነኝ።»

ካርቶኑን በመርጫው ጠርሙስ አንገት ላይ አሥራ ቁልቁል ለቀቀችው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የገመዱን ጫፍ እያየች ዋለች። አልተነካም። ሰው ከሰው ዕቃ መቀበል ከተወ ቆይቷል፤ እሷም ብትሆን ከላይዋ ጠርሙስ ቢወርድባት ምናልባት መስኮት ትዘጋ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስትስበው ቀለላት። ጠርሙሱ ባዶ ነበር። በረንዳው ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ።

ሞልታ አወረደች፣ ባዶ ሆኖ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከባዶው ጠርሙስ ጋር አንድ የዱባ አበባ ታስሮ መጣ፤ ቢጫ፣ ያን ጠዋት የፈነዳ፣ ግንዱ ቀጭንና ረጅም። ወንዴ አበባ ነው። የላከው ሰው ለውበቱ ብሎ እንደሆነ ገባት፤ ዱባ የሚያውቅ ሰው ዱባውን እንዲያ አያሳምምም። የኤልዳና ዱባ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አብቦ ፍሬ አልያዘም፤ ወንዴውና ሴቴው በአንድ ጠዋት አልፈነዳ ብለው፣ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣ እውነተኛ ንብም ጠፍቶ። ያን ጠዋት አንዲት ሴቴ አበባ ተከፍታ ነበር። ኤልዳና የወንዴውን ቅጠሎች ልጣ በሴቴዋ ውስጥ ቀስ አድርጋ አሸችው። ከዚያ በካርቶን ጻፈች፦ «ሐሙስ፣ ማጠቢያው ሲወርድ ወደ ውጭ ብቅ ይበሉ።»

ሐሙስ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ የመስታወት ማጠቢያው መሣሪያ ግድግዳውን ይዞ እያጓራ ይወርዳል። በዚያ ሩብ ሰዓት ዘበኛው የሰው ንግግር አይለይም። ኤልዳና በደረቷ የበረንዳው ብረት ላይ ተደግፋ ቁልቁል አየች። መጀመሪያ ያየችው መላጣ ነበር። ቀጥሎ መላጣው ቀና ሲል አንድ ስልሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው ፊት ታየ፤ ፂሙ ሸብቷል፣ አንድ የፊት ጥርሱ የለም።

«እርስዎ ነዎት ወተቷ?» አለ።

«እኔ ነኝ። ስምህ ማነው?»

«ባሮክ። አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ፣ አውቶቡሱ ራሱን መንዳት እስኪጀምር ድረስ። እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔማ አመድ የሚነሰንስብኝ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር።»

«እማማ የሚለኝ ዘበኛው ይበቃኛል። ኤልዳና ነኝ። አንተ እትዬ በለኝ።»

«እሺ እትዬ።»

«ዘሩን ከየት አመጣኸው?»

«ከምሳዬ ነዋ። የዱባ ወጥ ላኩልኝና አንዲት ፍሬ ሳትበስል አመለጠች መሰለኝ፣ ይኸውልዎ ጥርሴን ይዛው ሄደች። ቂም ይዤ ቀበርኳት። እሷ ግን በቀለች።»

ኤልዳና ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ እንደ ረሳችው ዕቃ ነበር። «ቅጠሉን ግን አጨናንቀኸዋል» አለችው።

«መቁረጥ አሳዘነኛ።»

«የሚያሳዝነው አለመቁረጥ ነው። ራቅ ራቅ ካላለ ይሻግታል።»

«እኛን ይህን ያህል አራርቀው ተክለውን መች ከመሻገት ዳንን?» አለ ባሮክ። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው እትዬ። የዱባ መድኃኒት ለሰው አልሆነም።»

ማጠቢያው አሥራ አምስተኛው ፎቅ ደርሷል፤ ጩኸቱ እየራቀ ነው። ባሮክ ፊቱ ጠቆር አለ። «ከተያዝኩ በረንዳ ወደሌለው ሕንፃ ነው የሚያዛውሩኝ» አለ። «ወንድሜን እዚያ አስገብተውት ነበር። ግድግዳ ብቻ ነው። እትዬ፣ ለሰው አይናገሩብኝም አይደል?»

«የምነግረው ሰው የት አለኝና?» አለች ኤልዳና። «አትያዝም። እኔ አለሁ።»

ሰኞ ንብ መጣች። በእያንዳንዱ ቅጠል ሥር እየዞረች አንድ ደቂቃ ያህል አንዣበበችና ሄደች። «መቶ ከመቶ» አለ ዘበኛው። ኤልዳና ባልዲው ላይ ተቀመጠች፤ ንቧ ከመምጣቷ በፊት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት በዚያ ሕንፃ ውስጥ የኖረቻቸው ቀናት ናቸው፤ የቀሩት ያለፉ ናቸው። ጠዋት ወተት ይወርዳል፣ አበባ ይወጣል። ያቺ ሴቴ አበባ ደርቃ ከሥሯ የጨርቅ ኳስ የምታህል አረንጓዴ ፍሬ መንፋት ጀምራለች። ሐሙስ ሐሙስ ባሮክ ስለ ድሮ መስመሩ ያወራላታል፤ የትኛው ፌርማታ ላይ ማን ይሳፈር እንደነበር፣ ሳንቲም የሚያጎድሉት ሽማግሌ፣ ሁልጊዜ ዶሮ ይዛ የምትገባው ሴትዮ። እሷ ደግሞ ቅጠል ታስተምረዋለች። ባሮክ መልመድ ጀምሯል፤ ሻጋታውም ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ነው። ጠዋት ጠዋት ኤልዳና በዱባው ዙሪያ ስትዞር ልቧ ሞቅ ይላትና ጥሪዋ እንደ ወጣትነቷ ጥርት ብሎ ይወጣል።

«ነጭ ሻጋታ፣ በጣም ቀላል፣ ከታች የመጣ፣ እየቀነሰ።»

አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል። የኤልዳና አመል ግን ያወጣው ሌላውን ነው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ገመዱን ስትስብ ከበዳት። ጠርሙሱ ትናንት እንደሞላችው ነበር። ከአንገቱ ጋር ሰባት አበባ በአንድ ላይ ታስሯል። ሁለቱ ብቻ ፈንድተዋል፤ አምስቱ ገና እንቡጥ ናቸው። ኤልዳና ግራ ገባት። ያልፈነዳ እንቡጥ ለምን ይቆረጣል? ነገ የሚያየውን ዛሬ የሚቆርጥ ማነው?

ወደ ዱባዋ ዞረች። በጠርዙ የተንጠለጠሉትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ገለበጠች። አንድም ነጥብ የለም።

«እማማ ኤልዳና፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለ ዘበኛው። «የጠቆሙት ምንጭ ትናንት ከቀትር በኋላ ተወግዷል።»

«የጠቆምኩት?»

ዘበኛው ድምፅ አሰማት። መስከረም አሥራ ስድስት፦ «ነጭ ሻጋታ፣ ቀላል፣ ከታች የመጣ።» መስከረም አሥራ ስምንት፦ «ነጭ ሻጋታ፣ ቀላል፣ ከታች የመጣ።» እንዲህ እያለ አሥራ አራት ጊዜ። የራሷ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የሚኮራ፣ ምንም ያላጓደለ። ሐሙስ ሐሙስ በማጠቢያው ጩኸት ውስጥ ያን ያህል የተጠነቀቀችው ሴት ጠዋት ጠዋት አፏን ከፍታ ስትሰጠው ኖራለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

«ላንተ አልነበረም የተናገርኩት» አለች።

«ለማን ነበር፣ እማማ?»

ኤልዳና አበቦቹን ከጠርሙሱ አንገት ፈታች። ዘበኛው በትሕትና ቀጠለ። «አቶ ባሮክ ለምቾታቸው ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውረዋል።»

«ወደ የትኛው?»

«የግል መረጃ ነው።»

ኤልዳና የበረንዳውን ብረት ያዘች። «ማን እንደተናገረበት ነግራችሁታል?»

«በደንቡ መሠረት የጥቆማው መነሻ ይገለጻል። ከአሥራ ዘጠነኛው ፎቅ መሆኑ ተነግሯቸዋል።»

ሰባቱን አበቦች በእጇ ይዛ ቆመች። ባሮክ እነዚህን የቆረጠው ሊነቅሉ መምጣታቸውን ሲሰማ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን ማን እንደጠቆመው ከመስማቱ በፊት ነው ወይስ ከሰማ በኋላ? ከመስማቱ በፊት ከሆነ ላመናት ሴት የላከው ነው። ከሰማ በኋላ ከሆነ ይቅር ብሏታል። ወይም ደግሞ እይው፣ ያደረግሽውን እይው ብሎ ነው። አበባውን አገላበጠችው፤ አበባ ይህን አይናገርም።

በማግስቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ በሩ ሲከፈት ወደ ሊፍቱ አልሄደችም። ግድግዳውን እየተደገፈች በደረጃው አንድ ፎቅ ወረደች። ወለሉ ገና እንደታጠበ ነው። የባሮክ በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ቁጥሩም ከአዲስ ተለጥፏል። አንኳኳች። ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው በር አንኳኩታ አታውቅም ነበርና እጇ ዝም ብሎ አንኳኳ። «ባሮክ፣ እኔ አይደለሁም» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። እሷ ናት። በሐሰት ጠርታ አታውቅም።

«እማማ፣ ሁለት ደቂቃ ቀርቶዎታል» አለ ዘበኛው።

እሁድ ናታን ደወለ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። «ሰው አጠፋሁ ልጄ» አለችው። «ባፌ ሰው አጠፋሁ።»

«አይዞሽ እማዬ» አለ ድምፁ። «ጉልበትሽስ እንዴት ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልዳና ጠዋት በረንዳ ከመውጣቷ በፊት ከዘር ቆርቆሮዋ አንድ የዱባ ፍሬ ታወጣና በከንፈሮቿ መካከል ትይዛለች። ፍሬው እስካለ አፏ አይከፈትም። እንዲያ ሆና ትዞራለች፣ ታያለች፣ ውኃ ታጠጣለች፣ ትገባለች። ዘበኛው ለውጡን አስተውሎ፣ «ዘጠኝ ቀን ድምፅዎን አልሰማንም፤ ሐኪም ይላክልዎ?» ብሎ ነበር። ሐኪም አልፈለገችም። ቀጥሎ ሌላ ነገር አመጣ። ጥቆማዋ ጥሩ ተብሎ ተመዝግቦላት ኖሮ አሁን ጠዋት ጠዋት ይጠይቃታል፦ «ዛሬስ ምን አዩ፣ እማማ?» እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሱ አያይም፣ እንደገና ይጠይቃል። ሲሰለቸው ይተዋል፤ ወይም የሰለቸው ይመስላል።

ዱባው አደገ። ኅዳር ሲወጣ የሰው ራስ አህሎ፣ ልጡ ደነደነ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ዞረ። ውስጡ ያለው ዘር ግማሹ የባሮክ ነው። ኤልዳና አንዳንዴ ከቀትር በኋላ፣ ነፋሱ ግድግዳውን ይዞ ሲወጣ፣ መዳፏን ዱባው ላይ አሳርፋ ትቀመጣለች። ፀሐይ የዋለበት ልጥ ይሞቃል። ናፍቆቷ መጠኑን አልፎ ነበር፤ የናፈቀችው ሰው ደግሞ ፊቱን ያየችው በአራት ሐሙስ ብቻ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል፤ ያወቀችው ግን ጎረቤቱ ከሄደ በኋላ ነው።

ቅጠሎቹ ንጹሕ ነበሩ። ንብ አራት ጊዜ መጥታ አራት ጊዜ መቶ ከመቶ ሰጠች። በእርሻው ዘመን ለዚህ ነበር የምትደክመው። አሁን እያንዳንዱን ንጹሕ ቅጠል ስትገለብጥ ልቧ ትንሽ ይወርዳል። ንጹሕ ማለት በዙሪያዋ ማንም የለም ማለት ነው።

ታኅሣሥ አሥራ አምስት ቀን ጠዋት፣ ፍሬዋን በከንፈሯ ይዛ፣ በጠርዙ በኩል ያለውን የመጨረሻ ቅጠል ገለበጠች።

ነጥቧ ከጤፍ ቅንጣት አትበልጥም።

ኤልዳና መነጽሯን አወረደች። ተሳስታ እንዳይሆን አቧራ መሆን አለመሆኑን በላባ ጫፍ ሞከረችው፤ አቧራ አይደለም። ነጭ፣ ለጋ፣ ትናንት የመጣ ነው። ከአሥራ ስምንተኛው ሊሆን አይችልም፤ እዚያ ያለው የከተማው ሣር ነው። ከዚያ በታች ይሆናል። ምናልባትም ማዶ ካለው ሕንፃ፤ ነፋስ የሕንፃ ቁጥር አያነብም። ማን እንደሆነ አታውቅም። ምሳው ውስጥ ፍሬ ያገኘ ሌላ ሰው ይሆናል። ባሮክ ሊሆን አይችልም፣ ባሮክ ያለበት ግድግዳ ብቻ ነው፤ ግን ባሮክ ጥርሱን የሰበረችን ፍሬ የቀበረ ሰው ነው። ማንም ይሁን፣ አሁን በዚህ ሰዓት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የነጣ ቅጠል እያየ፣ ማን አመድ ነሰነሰብኝ እያለ ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ ጥሪው ተነሳ፤ ስም፣ መጠን፣ አቅጣጫ። ፍሬዋን በጥርሷ ነከሰቻት።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ» አለ ዘበኛው። «ዛሬስ ምን አዩ?»

ሰኞ ንብ ትመጣለች። አምስት ቀን አለ። ሹራብ ሌላም አላት፤ ገመዱ ላይ የሦስት ፎቅ ያህል መቀጠል ይቻላል። ኤልዳና ፍሬዋን ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አደረገቻት። ጸሐፊው ከኋላዋ እንደቆመ ሁሉ ቀጥ ብላ ቆመች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐሰት ጠራች።

«ንጹሕ» አለች።

ከዚያ ለሁለት ጠርሙስ የሚሆን ወተት ልትለካ ወደ ውስጥ ገባች።